ቅዳሜ ጠዋት ሪሰርች፦ የጥናት ጽሑፍ ክፍል ለመክፈት ለምታስቡ

ለተማሪዎች የጥናት ጽሑፍ ክፍል የመክፈት ሐሳብ ኖሯችሁ "በጀቱ ይለቀቅና"፣ "ፈቃዱ ይምጣና" እያላችሁ የምትጠብቁ ካላችሁ፣ አትጠብቁ። ብዙ ነገር አይፈልግም። አንድ ክፍል፣ አንድ ማርከር፣ በየሳምንቱ አንድ ገጽ ለመጻፍ የሚስማሙ ጥቂት ልጆች፣ ያ ብቻ ነው። ስላይድ እንኳን ባይኖር ይሻላል፤ ስላይድ ካለ ልጆቹ ቁጭ ብለው ይገለብጣሉ እንጂ አይጽፉም።

እኔ ከአዲስ አበባ ራቅ ባለ ዩኒቨርሲቲ የማኅበራዊ ሳይንስ መምህር ነኝ። የቅዳሜ ክፍላችንን የጀመርነው በፈቃደኝነት ነው። ክፍያ የለውም፣ ክሬዲት የለውም፣ የማንም ሪፖርት ውስጥ አይገባም። በሌሎች ግቢዎች ያሉ ጓደኞቼ "እንዴት ነው ያደረጋችሁት?" እያሉ ስለሚጠይቁኝ፣ ለሁሉም አንድ ጊዜ ልጻፈው ብዬ ነው።

መጀመሪያ ችግሩ የት እንዳለ እንተዋወቅ። እኛ ጋ አንድ ተማሪ ስለ ጥናት የሚማረው አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ኮርስ ነው። ሃንድአውት ይሰጣል፣ የጥናት ዓይነቶች ይዘረዘራሉ፣ ሚድ ይፈተናል፣ ፋይናል ይፈተናል፣ አለቀ። ልጁ የናሙና አመራረጥ ዘዴዎችን ስም እንደ ዳዊት ይደግምላችኋል። የራሱን አንድ አንቀጽ ግን ጽፎ አያውቅም። ከዚያ የመጨረሻው ዓመት ይመጣና "ርዕስ አስገቡ" ይባላል። ርዕስ ከየት ይመጣል? ከግቢው በር ፊት ለፊት ካለው ፎቶ ኮፒ ቤት። እዚያ የአምናው፣ የካቻምናው ጽሑፍ በፍላሽ ይገኛል፤ የሚቀረው የከተማውን ስም መቀየር ነው። ትንሽ ብር ያለው ደግሞ ግንብ ላይ "ሪሰርች እንሠራለን" የሚል ማስታወቂያ አይቶ ይደውላል።

በልጆቹ ለመፍረድ አልቸኩልም። በ2015 ዓ.ም. ሁለት ነገሮች አብረው መጡባቸው። አንደኛው የመውጫ ፈተና ነው፤ እሱን ሳያልፉ ዲግሪ የለም፣ ስለዚህ ጊዜያቸውም ጭንቀታቸውም ወደዚያ ሄደ። ሁለተኛው የታዘዘውን ጽሑፍ የሚጽፈው ማሽን፣ ቻትጂፒቲ ነው፣ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ወጣ። የመመረቂያ ጽሑፍ ድሮም ቢሆን የእንጀራ ልጅ ነበር፤ አሁን ጭራሽ "እሱማ በአንድ ሌሊት ያልቃል" የሚባል ነገር ሆነ። ክፍል የምትከፍቱት ከዚህ ጋር ለመፎካከር መሆኑን እወቁት።

ወደ አከፋፈቱ ልምጣ።

ማስታወቂያ ለጥፋችሁ "የሪሰርች ስልጠና" ካላችሁ አዳራሹ ጢም ይላል። የሚመጣው ግን ሰርተፊኬት ፍለጋ ነው። ስለዚህ ማስታወቂያው ላይ ሰርተፊኬት እንደሌለ በትልቁ ጻፉ። ከዚያ መግቢያ ጠይቁ። የእኛ መግቢያ ግማሽ ገጽ ጽሑፍ ናት፣ በፈለጉት ቋንቋ፣ ጥያቄዋም አንድ ብቻ፦ በሰፈርህ ወይም በቤተሰብህ ያየኸው፣ ለምን እንደዚያ እንደሆነ ግን ያልገባህ ነገር ምንድን ነው? ይህቺ ግማሽ ገጽ ሁለት ጥቅም አላት። ለመጻፍ የማይፈልገውን ገና በር ላይ ትለያለች። ከሁሉም በላይ ደግሞ የልጁ እውነተኛ ጥያቄ በኋላ ፕሮፖዛሉ ላይ ሳይሆን እዚህች ወረቀት ላይ ነው የሚገኘው፤ ስለዚህ እንዳትጥሏት።

ከአሥራ አምስት ልጅ በላይ አትቀበሉ። የጨከንኩ ይመስላል፣ ግን የእያንዳንዱን ገጽ በየሳምንቱ አንብባችሁ አስተያየት መጻፍ አለባችሁ። ሠላሳ ከሆኑ ታነባላችሁ ብላችሁ ራሳችሁን እንዳታታልሉ። ማንበብ ሲያቆም መምህሩ፣ መጻፍ ያቆማል ተማሪው።

ቀኑን ቅዳሜ ጠዋት ያደረግነው አርብ ጁምዓ፣ እሁድ ቅዳሴ ስላለ ነው። ለአድቬንቲስት ልጆች ግን ቅዳሜ አይሆንም፤ ለእነሱ ገጻቸውን በሌላ ቀን ማታ እናያለን። የተማሪ ካፌ ምሳ ሰዓት ሳያልፍ ልቀቋቸው። ይሄ ቀልድ አይደለም፣ ካፌ ከተዘጋበት ልጅ ጋር ስለ ሜቶዶሎጂ ማውራት አይቻልም። መብራት ይጠፋል ብላችሁ አስቡና የምታነቡትን ነገር በወረቀት አባዙ፤ አንድ ገጽ ለሁለት ልጅ ይበቃል።

አድቫይዘሮችን፣ ማለትም የልጆቹን የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያማክሩትን መምህራን በተመለከተ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ብዙ ጥሩ ሐሳብ የሚሞተው እዚህ ጋ ነው። አንዳንድ መምህር "የእኔን ተማሪ ማን ነው የሚነካብኝ?" ይላል። እውነቱን ነው፣ በማርኩ ላይ የሚፈርመው እሱ ነው። ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ንገሩ፣ ለአድቫይዘሮቹም በቃል አስረዱ፣ ለልጆቹ ደግሞ የመጨረሻው ቃል የአድቫይዘራቸው እንደሆነ በየጊዜው አስታውሷቸው። የጸደቀ ርዕስ በፍጹም አታስቀይሩ። ርዕሱ እንዳለ ሆኖ ከሥሩ ያሉትን የጥናት ጥያቄዎች ማጥበብ ይቻላል፣ በዚህ ማንም አይጣላችሁም።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ላይ ስለ ምዕራፍ አንድ አታውሩ። ባክግራውንድ፣ ስቴትመንት ኦፍ ዘ ፕሮብሌም፣ ሲግኒፊካንስ፣ እነዚህን ልጆቹ ከፎቶ ኮፒ ቤቱ ፍላሽ ላይ ያውቋቸዋል። የማያውቁት ጥያቄ መጠየቅ ነው። እኔ ክፍሉን ሁሉ የማስኬደው በዚህ እምነት ነው፦ ጥያቄው የራሱ የሆነ ልጅ ለመገልበጥ ምክንያት የለውም፣ ቢፈልግም የሚገለብጠው አያገኝም።

አንዲት ልጅ "ማይክሮ ፋይናንስ በሴቶች ኑሮ ላይ ያለው ተጽዕኖ" የሚል ርዕስ ይዛ መጣች። ጸድቋል። እንዲህ ዓይነቱ ርዕስ በየዩኒቨርሲቲው ላይብረሪ መደርደሪያ ላይ ሞልቷል፣ የሚለያየው "በእንትን ከተማ" የሚለው ብቻ ነው። የመግቢያዋን ግማሽ ገጽ አወጣሁላት። እዚያ ላይ የጻፈችው ስለ እናቷ ነበር። እናቷ ገበያ ላይ ቅመም ይሸጣሉ፤ ብድር የሚሰጥ ተቋም አጠገባቸው አለ፣ ግን እቁብ ነው የሚጥሉት፣ ዕጣው እስኪደርሳቸው ወራት እየጠበቁ። ልጅቷ "ለምን?" ብላ ጽፋለች።

"ጥያቄሽ ይሄ ነው" አልኳት።

"ቲቸር፣ እቁብ ሪሰርች ይሆናል እንዴ?"

"ለምን አይሆንም?"

"የሰፈር ነገር ነዋ።"

የሰፈር ነገር ነዋ! ይሄ አባባል ብዙ ይነግራችኋል። ልጆቹ ጥናት ማለት እንግሊዝኛ የሚመስል፣ ከሩቅ የመጣ፣ ከሰፈራቸው ጋር የማይገናኝ ነገር ነው ብለው ነው ያደጉት። በእቁብ፣ በእድር፣ በደቦ ላይ የሀገር ውስጥም የውጭም ምሁራን ስንት ጽሑፍ እንደጻፉ ስናሳያት ዓይኗ በራ። ርዕሱን አልነካንም። ከሥሩ ያሉትን ጥያቄዎች ግን "ብድር ማግኘት እየቻሉ እቁብን የሚመርጡ ነጋዴ ሴቶች ምርጫቸውን በምን ያስረዳሉ?" ወደሚል አጠበብናቸው። አድቫይዘሯም ደስ ብሏቸው ተቀበሏት።

"ተጽዕኖ" የሚለውን ነገር ካነሳሁ አይቀር ልጨርሰው። ግማሹ ርዕስ ተጽዕኖ ነው የሚለው። ተጽዕኖ አለ ለማለት ማነጻጸሪያ ያስፈልጋል፤ ከብድሩ በፊትና በኋላ፣ ወይም የተበደሩና ያልተበደሩ፣ ያውም ሁለቱ ቡድኖች በሌላው ነገር የሚመሳሰሉ መሆን አለባቸው። አንድ ጊዜ መጠይቅ በትነህ "ብድሩ ኑሮዎን አሻሽሏል? በጣም እስማማለሁ፣ እስማማለሁ…" ብለህ የሰበሰብከው መልስ የሰዎቹን አስተያየት ነው የሚነግርህ። አስተያየትም ይጠናል፣ ክብር አለው፣ ግን ስሙን ይዞ ይቅረብ። ይህን ለተማሪ ስትነግሩት መጀመሪያ ይደነግጣል፣ ቀጥሎ እፎይ ይላል፣ ምክንያቱም የማይቻለውን ነገር እንዲሠራ እንደማይጠበቅበት ይገባዋል።

ሌሎች መፈተኛ ጥያቄዎችም አሉን። መልሱን ዛሬ ታውቀዋለህ? ካወቅኸው ለምን ትደክማለህ። መልሱ ያለው ማን ጋ ነው? እሱ ጋ ለመድረስ ትራንስፖርት ስንት ነው? ሰውየው ሊያናግርህ ምን ምክንያት አለው? የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ተራ ይመስላሉ፣ ግን ወረዳ ቢሮ ተመላልሶ "ኃላፊው ስብሰባ ናቸው" የተባለ ልጅ ትርጉማቸውን ያውቃል። የትብብር ደብዳቤውን ከትምህርት ክፍሉ ቀደም ብሎ ማጻፍ፣ ማኅተሙን ማረጋገጥ፣ ኮፒ መያዝ፣ ይሄ ሁሉ የክፍሉ ትምህርት አካል ነው። ቃለ መጠይቅ የሚደረግለት ሰው "አልፈልግም" ማለት እንደሚችል በግልጽ እንዲነገረው፣ ስሙም እንዳይጻፍ፣ ይህንንም ክፍል ውስጥ ሁለት ሁለት እየሆኑ ይለማመዱታል። አንዱ ጠያቂ፣ አንዱ የሚያኮርፍ ተጠያቂ። በሳቅ ነው የምናልቀው።

ቀጥሎ ንባብ ነው። "ላይተሬቸር (በጉዳዩ ላይ ከዚህ በፊት የተጻፈ ጥናት) የለም" የሚል ልጅ ካጋጠማችሁ አልፈለገም ማለት ነው፣ ወይም የት እንደሚፈለግ ማንም አላሳየውም። ጉግል ስኮላርን ሁሉም ያውቀዋል፣ ግን ርዕሱን በሙሉ ጽፎ ነው የሚፈልገው። ሁለት ሦስት ቃል ብቻ እንዲጽፍ፣ አንድ ጥሩ ጽሑፍ ሲያገኝ ደግሞ እሱን የጠቀሱትን ሌሎች ጽሑፎች እንዲከተል አሳዩት። የአዲስ አበባ፣ የጅማና የባህር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች የመመረቂያ ጽሑፎቻቸውን በኢንተርኔት ላይ በነፃ አስቀምጠዋል። የሀገራችንን ጆርናሎች ብዙዎቹን አፍሪካን ጆርናልስ ኦንላይን ላይ ታገኟቸዋላችሁ። በገንዘብ የሚሸጡትን ደግሞ ሪሰርች ፎር ላይፍ በሚባለው ፕሮግራም በኩል ማግኘት ይቻላል፤ የጤናው ክፍል ሂናሪ እ.ኤ.አ. በ2002 ነው የጀመረው፣ እንደ ኢትዮጵያ ላሉ ሀገሮች ተቋማት በነፃ ነው። የመግቢያ ቃሉ ላይብረሪ ነው ያለው። ሄዳችሁ ጠይቁ፤ የላይብረሪ ሠራተኞች እንዲህ ዓይነት ጥያቄ የሚጠይቃቸው ሲያጡ ነው የኖሩት።

ጽሑፉ ከተገኘ በኋላ ያለው ልምምድ ከሁሉም የምወደው ነው። አንድ አንቀጽ ታነባለህ። ወረቀቱን እንዳይታይህ በፊቱ ትደፋዋለህ። አጠገብህ ላለው ልጅ ያነበብከውን በሚቀናህ ቋንቋ ትነግረዋለህ፣ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በፈለግኸው። እሱ ካልገባው ይጠይቅሃል፤ አንተ ካልገባህ ደግሞ ትጋለጣለህ። ከዚያ ወረቀቱን ሳታይ በእንግሊዝኛ ትጽፈዋለህ። መጨረሻ ላይ ከዋናው ጋር ታስተያያለህ፣ ማን እንደጻፈውም ታስገባለህ። ልጆቹ ፓራፍሬዝ (የሌላውን ሐሳብ በራስ አባባል መጻፍ) ማለት ቃላት መቀያየር ይመስላቸው ነበር፣ "ሾውድ" የሚለውን "ዲሞንስትሬትድ" ማድረግ። በዚህ ልምምድ ግን መገልበጥ ራሱ አይቻልም፣ ምክንያቱም መሃል ላይ ሌላ ቋንቋ ገባ። እንግሊዝኛው ይሰባበራል፤ ይሰበር። ሰዋስው በመጨረሻ ይታያል። በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ ሰዋስው የሚያርም መምህር ልጁን ያስፈራዋል፣ የፈራ ልጅ ደግሞ ወደ ፍላሹ ይመለሳል።

አሁን ወደ ቁጥር። የጤና ሳይንስ ተማሪ ጓደኛ ካላችሁ 422 ወይም 423 የሚለውን ቁጥር ታውቁታላችሁ። የናሙናው ብዛት ሆኖ በየጥናቱ ላይ አለ። ከየት እንደመጣ ጠይቁትና አብዛኛው "ከፎርሙላ" ይላችኋል። እኛ ሰሌዳው ላይ እንሠራዋለን። 1.96 (ለ95 በመቶ እርግጠኝነት የሚወሰደው ቁጥር) በ1.96 ይባዛል፣ ከዚያ በ0.5፣ እንደገና በ0.5፣ ከዚያ ለ0.05 (የምንፈቅደው ስህተት) ካሬ ይካፈላል፤ 384.16 ይመጣል። ለማይመልሱ ሰዎች 10 በመቶ ጨምሩበት፣ 422 እና ትንሽ። ያ ነው ምስጢሩ። 0.5 የገባው የምታጠኑት ነገር በሕዝቡ ውስጥ ምን ያህል እንደሆነ ካላወቃችሁ ትልቁን ናሙና ስለሚሰጥ ነው። ከእናንተ በፊት በተመሳሳይ ቦታ የተጠና ጥናት 20 በመቶ ነው ካለ ግን 0.2 እና 0.8 አስገቡ፣ 10 በመቶው ሳይጨመር 246 ይበቃችኋል። አንድ ልጅ ይህን ሲያይ "ስለዚህ መቶ ምናምን ሰው በከንቱ ልጠይቅ ነበር?" አለ። አዎ ወንድሜ።

በማኅበራዊ ሳይንስ በኩል ያለው ደግሞ የያማኔ ቀመር ነው፦ የሕዝቡን ብዛት በ0.05 ካሬ ታባዛላችሁ፣ አንድ ትጨምሩበታላችሁ፣ ከዚያ የሕዝቡን ብዛት ለዚያ ታካፍላላችሁ። ሕዝቡ 1,000 ከሆነ 286፣ 10,000 ከሆነ 385፣ ሚሊዮን ቢሆን እንኳን 400 አያልፍም። ልጆቹ ይህን በሰሌዳ ላይ ራሳቸው እንዲያሰሉት አድርጉ፣ ይገረማሉ። ዋናው ነጥብ ግን ስሌቱ አይደለም። ቀመሩ ትርጉም የሚኖረው ሰዎቹ በዕጣ ከተመረጡ ነው። 286 አስልቶ መናኸሪያ ላይ ያገኘውን ሁሉ የጠየቀ ልጅ፣ ቀመሩን ለጌጥ ነው ያስገባው። የሕዝቡስ ቁጥር ከየት መጣ? የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ከዚያ ወዲህ ያለው ቁጥር ሁሉ ትንበያ ነው፣ ወይም የቀበሌው መዝገብ ነው። ሁለቱም ይሠራሉ፣ ግን የቱ እንደሆነ ይጻፍ። አሥራ ሁለት ሰው በጥልቀት ለማነጋገር ያሰበ ልጅ ደግሞ ምንም ቀመር አያስፈልገውም። ብዙ ተማሪ የሚመስለው ቀመር የሌለው ጥናት ጥናት እንዳልሆነ ነው፤ ገምጋሚዎችም አንዳንዴ ይህንኑ ሲያጠናክሩ አይቻለሁ፣ ያሳዝናል።

መጠይቅ ላይ አጭር ምክር፦ ስልሳ ጥያቄ ያለው መጠይቅ ማንም ከልቡ አይሞላም። ገበያ ላይ ያለች ሴት ደንበኛ እየመጣባት ስልሳ ጊዜ "እስማማለሁ" አትልም፣ ከአሥር በኋላ ዝም ብላ ነው የምታሰምረው። ጥያቄውንም ከመጀመሪያው መልስ ሰጪው በሚናገረው ቋንቋ አዘጋጁት። እንግሊዝኛውን እዚያው ቆሞ በቃሉ የሚተረጉም ልጅ ለእያንዳንዱ ሰው የተለየ ጥያቄ ነው የሚጠይቀው።

ሪፈረንስ ላይ ስንደርስ የእኛ ሀገር ችግር ይመጣል። ስማችን የቤተሰብ ስም የለውም፤ ሁለተኛው ስም የአባት ነው። ሪፈረንስ የሚያደራጀው ሶፍትዌር ግን የፈረንጅ ነውና የአባትን ስም አስቀድሞ ይገለብጠዋል። የታሪክ ምሁሩን ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴን "ዘውዴ" ብሎ የጠቀሰ ተማሪ አባታቸውን ነው የጠቀሰው፣ የጻፉት ግን ልጃቸው ናቸው። በኢትዮጵያ ጥናት ዘርፍ የተለመደው በራስ ስም መጥቀስ ነው፣ ኢንሳይክሎፒዲያ ኢትዮፒካም የሚከተለው ይህንኑ ነው። ከእነዚህ ሶፍትዌሮች አንዱን፣ ዞቴሮን የምትጠቀሙ ከሆነ የደራሲው ስም ጎን ያለችውን ትንሽ ምልክት ስትጫኑ ሁለቱ የስም ሳጥኖች ወደ አንድ ይቀየራሉ፤ ሙሉ ስሙን እዚያ ጻፉት፣ አይገለበጥም። ዞቴሮ ነፃ ነው፣ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል፣ ስለዚህ ለግቢ ኑሮ ይመቻል። ትምህርት ክፍላችሁ "የለም፣ ተገልብጦ ነው የሚጻፈው" ካለ ግን ክርክር አትግጠሙ፣ አንዱን ይዛችሁ እስከመጨረሻው አትቀያይሩ፣ በቃ።

ዓመተ ምሕረቱም እንደዚያው ነው። በ1985 ዓ.ም. የታተመ የአማርኛ መጽሐፍ እንግሊዝኛ ጽሑፍ ውስጥ "1985" ተብሎ ብቻ ከገባ፣ አንባቢው ደርግ ሥልጣን ላይ እያለ የተጻፈ ይመስለዋል። በፈረንጆቹ 1992/93 ነው። የታሪክና የፖለቲካ ተማሪ ላይ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፣ ክርክሩን በሙሉ ያዛባል። የኢትዮጵያ መሆኑን የሚያመለክት ምልክት ይግባበት፣ የፈረንጁም ዓመት ከጎኑ ይቀመጥ።

ቻትጂፒቲን መከልከል አልሞከርኩም። የትም አይደረስም። አንድ ደንብ ብቻ ነው ያለን፦ ሪፈረንስ ዝርዝርህ ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን ጽሑፍ ክፍል ውስጥ ከፍተህ ታሳየናለህ። ማሽኑ የሌለ ጽሑፍ፣ እውነተኛ በሚመስል ርዕስ፣ እውነተኛ ጆርናል ላይ፣ ከነገጹ ፈጥሮ ይሰጣል። አንዳንዱ ፈጠራ በጣም ስለሚያምር "ምነው ይሄ ጽሑፍ በነበረ" ያሰኛል። አንድ ቅዳሜ ሁላችንም የማሽኑን ዝርዝር ይዘን መኖራቸውን ስንፈልግ ዋልን፤ ከዚያ በኋላ ስለ ጉዳዩ ብዙ መምከር አላስፈለገኝም። እንግሊዝኛውን እንዲያስተካክልላቸው የሚጠቀሙበት አሉ፣ የትምህርት ክፍሉ ደንብ እስከፈቀደና እስከገለጹት ድረስ አልቃወምም። ጥያቄውን እንዲጠይቅላቸው ግን ከሰጡት የእቁቧ ልጅ እናት ከጽሑፉ ውስጥ ይጠፋሉ፣ የሚቀረው "ማይክሮ ፋይናንስ በሴቶች ኑሮ ላይ" ነው።

እርስ በርስ መነባበብ ከሁሉም የከበደን ነገር ነበር። ይሉኝታ አለ። "ጓደኛዬን በሰው ፊት እንዴት አርመዋለሁ?" ይላሉ። "ምን ይመስላችኋል?" ብላችሁ ከጠየቃችሁ "ጥሩ ነው፣ ይቀጥል" ነው መልሱ። መፍትሔው አስተያየት አለመጠየቅ ነው። አንባቢው ሁለት ነገር ብቻ ይመልሳል፦ ይሄ ጽሑፍ የሚጠይቀው ጥያቄ ምንድን ነው? የት ጋ ሲደርስ ጠፋብህ? ጸሐፊው አፉን ዘግቶ ይሰማል፣ ማስረዳት አይፈቀድለትም። አንባቢው የተናገረው ጥያቄ ጸሐፊው ካሰበው የተለየ ከሆነ ማንም ማንንም ሳይወቅስ ችግሩ ራሱ ወጣ። ቀልድ እንጂ ስድብ የለም። የሴት ልጆች ድምፅ እንዳይዋጥ ማን መጀመሪያ እንደሚናገር በዕጣ አድርጉት፤ አለበለዚያ ሁልጊዜ የሚናገሩት ሦስት ወንዶች ናቸው።

የመጨረሻው ዙር ላይ አንድ ሁለት ልጅ "ቲቸር፣ ፐብሊሽ ላድርገው?" ይላል። ደስ ይላል፣ ግን ተጠንቀቁ። ጽሑፉን ባስገባ በሳምንቱ "ተቀብለናል፣ ገንዘብ ላክ" የሚል ጆርናል ሳያነብ ነው የተቀበለው። የገምጋሚ አስተያየት ይምጣ፣ የአርታኢዎቹ ስም ይታይ፣ እነዚያ ሰዎች በእርግጥ እዚያ እንደሚሠሩ ይጣራ። በሀገር ውስጥ ያሉት ዩኒቨርሲቲዎች የሚያሳትሟቸው ጆርናሎች ረጅም ጊዜ ቢወስዱም ለጀማሪ የተሻሉ ናቸው።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ክፍሉ የሚጀመረው ርዕስ ከመግባቱ በፊት ነው። ርዕስ ከጸደቀ በኋላ ብትጀምሩ ትርፉ ግማሽ ነው። ስለዚህ ተማሪዎቹን ከሦስተኛ ዓመት ሁለተኛ ሴሚስተር ላይ ያዟቸው፣ ክረምቱን የሰፈራቸውን ጥያቄ ይዘው ይሂዱና ጽፈውበት ይመለሱ። መረጃ መሰብሰብ ሲጀመር ክፍሉ ይሳሳል፣ ሁሉም ወደየመስኩ ይበተናል፤ ያኔ በቴሌግራም ግሩፕ አንድ አንቀጽ በሳምንት ይበቃል። የመውጫ ፈተናው ሲቃረብ ደግሞ ዝጉት፣ አትታገሉ።

መምህሩ ሲቀየር ክፍሉ አብሮ እንዳይጠፋ የአምናዎቹን ተመራቂዎች ጠብቁ። የእቁቧ ልጅ አሁን እዚያው ከተማ ውስጥ ትሠራለች፣ ቅዳሜ ከቻለች ትመጣለች፣ የአዲሶቹን ግማሽ ገጽ መጀመሪያ የምታነበውም እሷ ናት። ከእኔ ትጨክናለች። ማርከሩን እኔ ነው የምገዛው፣ ፎቶ ኮፒውን ልጆቹ በየተራ ይከፍላሉ፣ የክፍሉን ቁልፍ የሚይዙት ጥበቃ ዐርብ ማታ እንዲያውቁት ይደረጋል።